ከበሩ ጀርባ የሚጨፍሩት ሰባቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ሁለት መስመር ጻፍኩ። በዚያች ሁለት መስመር የተነሳ የመጣው ጥያቄ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ወሰደው። ደስ ብሎኛል። የዚህን በር ሠሪ ለሰው ለማስተዋወቅ ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ሰውየው አንቶኒዮ አቬርሊኖ ይባላል። በ1400 አካባቢ ፍሎሬንስ ተወለደ፤ በ1469 አካባቢ ሞተ። የሚታወቀው ግን ፊላሬቴ በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣው ከግሪክኛ ነው፤ «በጎነትን ወዳድ» ማለት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዓምዱን ገና መከታተል ለጀመራችሁ፦ እኔ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። አባቴ የናስ መስቀል ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ሮም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አንዲት አሮጊት ስጦር ኖሬያለሁ። የዕረፍት ጊዜዬ እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጓደኞቼ ተገናኝተው ቡና ሲጠጡ፣ እኔ ወደዚያ በር እሄድ ነበር።

«አንድ ወዳጄ ‹የቫቲካን ትልቁ በር ላይ የእኛ መነኮሳት ተቀርጸዋል› አለኝ። እኔ ተረት ነው ብዬ ተከራከርኩት። ማናችን ነን ልክ?» — ከአዲስ አበባ

ወዳጅዎ ልክ ነው። ቡናውን እርስዎ ይጋብዙት።

ነገሩ ከአንድ ጉባኤ ይጀምራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄኒዮ 4ኛ የምሥራቁንና የምዕራቡን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ለማድረግ ተነሡ። ጉባኤው በ1438 ፌራራ ከተማ ተጀመረ፤ በ1439 ወደ ፍሎሬንስ ተዛወረ። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓሌዎሎጎስ ራሱ ባሕር አቋርጦ መጣ። ቱርኮች እየገፉ መጥተውበት ስለነበር የምዕራቡን እርዳታ አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

ጳጳሱ በዚህ አላበቁም። አልቤርቶ ዳ ሳርቴአኖ የሚባል የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ወደ ምሥራቅ ላኩ። በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌም የነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ነበሩ። እሳቸው ደብዳቤ ጽፈው መልእክተኞች ሰደዱ። መልእክተኞቹ ከግብፁ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም አበምኔት ከአባ እንድርያስ ጋር በ1441 በኦገስት ወር መጨረሻ ፍሎሬንስ ገቡ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ከእኛዎቹ አንዱ፣ ጴጥሮስ የሚባል ዲያቆን፣ በጳጳሱ ፊት ቆሞ ተናገረ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። አውሮፓውያን በዚያ ዘመን የኢትዮጵያን ንጉሥ «ቄስ ዮሐንስ» ነበር የሚሉት። ፍሎሬንስ ላይም በዚሁ ስም ጠሩት። መልእክተኞቹ አልተቀበሉም። ንጉሣችን ስም አለው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ነው አሉ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያኔ ከነገሡ ሰባት ዓመታቸው ነበር። መልእክተኞቹ ከቤተ መንግሥት የተላኩ አልነበሩም፤ ደብዳቤው የኢየሩሳሌሙ ነው። ቢሆንም በባዕድ አገር፣ በዚያ ሁሉ ካርዲናል ፊት፣ የንጉሣቸውን ስም አስተካከሉ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በሩ ባለ ሁለት ሳንቃ ነው። ቁመቱ ከ6 ሜትር ያልፋል። ትልልቆቹ ምስሎች ስድስት ናቸው። ከላይ ክርስቶስና እመቤታችን በዙፋን ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ጳውሎስና ጴጥሮስ ቆመዋል። ከጴጥሮስ አጠገብ ኤውጄኒዮ ተንበርክከው ቁልፍ ይቀበላሉ። ከታች የሁለቱ ሐዋርያት ሰማዕትነት አለ፤ ጳውሎስ ሲሰየፍ፣ ጴጥሮስ ቁልቁል ሲሰቀል። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እነዚህን ነው።

በትልልቆቹ ምስሎች መሃል ግን እንደ መቀነት የተጠመጠሙ ጠባብ መስመሮች አሉ። ፊላሬቴ እዚያ ላይ የዘመኑን ዜና ቀረጸ። ዮሐንስ ፓሌዎሎጎስ ከቁስጥንጥንያ በመርከብ ሲነሣ አለ። ከጳጳሱ ጋር ሲገናኝም አለ። የምዕራቡ ንጉሠ ነገሥት ሲጊስሙንድ በ1433 ሮም ላይ ዘውድ ሲጭን አለ። በቀኙ ሳንቃ፣ ከጴጥሮስ ምስል በታች ባለው መቀነት ደግሞ እነዚያ ከግብፅና ከኢየሩሳሌም የመጡት እንግዶች አሉ። በአንደኛው ወገን አበምኔት እንድርያስ ከጳጳሱ እጅ የአንድነቱን ጽሑፍ ይቀበላሉ። በሌላው ወገን መልእክተኞቹ ወደ ሮም ይገባሉ።

ልብ በሉ፤ ፊላሬቴ ሥራውን የተረከበው በ1433 አካባቢ ነው። ጉባኤው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መነኮሳቱ በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ ሊኖሩ አይችሉም። ሰም እየቀረጸ ሳለ ነው ዜናው የደረሰው። ሰምቶ ዝም አላለም፤ ቦታ ፈልጎ አስገባቸው። ለዚህ ነው ሰውየውን የወደድኩት።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ዝናብ ነበር። ከዝናቡ ለመጠለል ነው ደጀ ሰላሙ ውስጥ የገባሁት። ከአጠገቤ አንድ አስጎብኚ ለቡድኑ ሲያስረዳ ቃሉን ሰማሁ፤ «ኤቲዮፒ» አለ። ዞር ብዬ ጣቱን ተከተልኩ። ከዚያ ቡድኑ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ።

የአብያተ ክርስቲያናቱ የአንድነት ውል በፌብሩዋሪ 1442 ከግብፆቹ ጋር ተፈረመ። ግብፅ ውስጥ ሥር አልያዘም፤ ኢትዮጵያም አልተቀበለችውም። ነሐሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያው ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠ። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ እየኖሩ ነው። ስለ እሳቸው ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

«የምኖረው ሚላን ነው። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በካስቴሎው (በአሮጌው የመስፍኑ ግንብ) በኩል አልፋለሁ። የመግቢያው ማማ ‹የፊላሬቴ ማማ› ይባላል። አንቺ የጻፍሽለት ሰውዬ ነው? ቀራጺ ከሆነ ማማ ምን አስገነባው?» — ከሚላን

እህቴ፣ ራሱ ነው። ማማው ግን ራሱ አይደለም።

ፊላሬቴ በሩን በ1445 ጨረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ ሥራ ነው። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሮም ላይ ክፉ ነገር ገጠመው። የመጥምቁ ዮሐንስን የራስ ቅል ሊሰርቅ ሞክሯል ተብሎ ተከሰሰ፣ ታሰረ፣ ተሠቃየ፤ ከዚያ ከከተማው ተባረረ። ስንት ዓመት ለጴጥሮስ በር የደከመ ሰው ከጴጥሮስ ከተማ እንደ ሌባ ወጣ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ወደ ሰሜን ወጣ። በ1451 ሚላን ገብቶ ለመስፍኑ ለፍራንቼስኮ ስፎርዛ አገልጋይ ሆነ። ስፎርዛ ያኔ የፈረሰውን ካስቴሎ እንደገና እያስገነባ ነበር። የመግቢያውን ማማ ለፊላሬቴ ሰጠው። ማማው ቆመ። በ1521 ግን ውስጡ የተከማቸው ባሩድ ፈነዳና ተደረመሰ። ለወደ አራት መቶ ዓመት ቦታው ባዶ ነበር። ዛሬ የምታይውን ሉካ ቤልትራሚ የሚባል አርክቴክት አሮጌ ሥዕሎችን እያየ አሠራው፤ በ1905 ተመረቀ። ስለዚህ ከሥሩ ስታልፊ የምታይው የፊላሬቴን ስም ነው እንጂ ድንጋዩን አይደለም።

የራሱን እጅ ማየት ከፈለግሽ በእግርሽ ከዱዎሞ፣ ከትልቁ ካቴድራል፣ ወደ ደቡብ ትንሽ ሂጂ። ዛሬ የሚላን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቀይ የጡብ ሕንጻ አለ። ሚላኖች «ካ ግራንዳ» ይሉታል፤ ትልቁ ቤት ማለት ነው። ያ ሆስፒታል ነበር። የመሠረት ድንጋዩ በኤፕሪል 12 ቀን 1456 ተጣለ። ንድፉ የፊላሬቴ ነው።

እኔ በሕይወቴ ብዙ በሽተኛ አስታምሜያለሁና ይህን ሕንጻ የማየው በዚያ ዓይን ነው። ፊላሬቴ የሕሙማኑን አዳራሾች በመስቀል ቅርጽ አወጣቸው። ከጎናቸው መጸዳጃ አደረገ። ከሥር ደግሞ ከከተማው ቦይ የተጠለፈ ውኃ እየፈሰሰ ቆሻሻውን እንዲወስድ አሰበ። እንግዲህ 1456 ነው! ሕመምተኛ ተነሥቶ ሩቅ መሄድ እንደማይችል የገባው ሰው ነው። የማስታምማት አሮጊት ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው ኮሪደር ረጅም ስለነበር በሌሊት ስንት ጊዜ አብረን እንደወደቅን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሕንጻውን እሱ አልጨረሰውም። በ1465 ከሚላን ሲሄድ ጉዊኒፎርቴ ሶላሪ ተረከበ፤ ሙሉ በሙሉ ያለቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1943 በቦምብ ተመታ፤ ተጠገነ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ሳንድዊች እየበሉ ይቀመጣሉ። ግቢና አብረሽ ተቀመጪ፤ ማንም አይከለክልሽም።

ሚላን ሳለ መጽሐፍም ጽፏል። ስለ ሕንጻ ነው፤ 25 ክፍል አለው። ለመስፍኑ ስም ማስጠሪያ ስፎርዚንዳ የምትባል ከተማ በወረቀት ላይ ቆረቆረ። ቅርጿ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ። ሕንጻ ይጸነሳል ይላል። አባቱ የሚያሠራው ሰው ነው፤ እናቱ አርክቴክቱ። እናት ሰባት ወይም ዘጠኝ ወር እንደምትሸከም አርክቴክቱም ሐሳቡን በሆዱ ይዞ መቆየት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው በእንጨት ሞዴል ሠርቶ የሚወልደው ይላል። ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ፣ ንድፉን በሁለት ቀን እንዲያመጣ የምታጣድፉ፣ ይህቺን አንብቡ።

«እትዬ፣ የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ነኝ። ያን የሚያህል በር ያለ ማሽን እንዴት ቀለጠ? አሠራሩ ከእኛ መስቀል ጋር ይገናኛል ወይስ ሌላ ነው?» — ከአንድ ተማሪ

ልጄ፣ መንገዱ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጠንና የሰው ብዛት ነው።

አባቴ ሲሠራ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሰሙን በእጁ አሙቆ መስቀሉን ይቀርጻል። ጠርዙን በቢላ ጫፍ ያስተካክላል። ከዚያ ጭቃ ያለብሰዋል። የመጀመሪያው ጭቃ እንደ እርጎ የቀጠነና የተጣራ ነው፤ ጥቃቅኑን ቅርጽ የሚይዘው እሱ ነው። በላዩ ጭድ የተለወሰበት ወፍራም ጭቃ ይደረብበታል። ማፍሰሻ ቀዳዳና አየር ማውጫ ይተዋል። ከደረቀ በኋላ እሳት ላይ ይገባል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። የሰሙ ቦታ ባዶ ይቀራል። ወናፍ እየተነፋ የቀለጠው ናስ እዚያ ባዶ ውስጥ ይፈሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ሰሙ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል።

አደገኛው ነገር እርጥበት ነው። አሥር ዓመቴ ይሆናል። አባቴ ጭቃውን እሳት ዳር እያገላበጥኩ እንዳደርቅ አዘዘኝ። ውጪ ልጆች ይጫወቱ ነበር። ሰለቸኝና «ደርቋል» አልኩት። አመነኝ። ናሱ ሲፈስ ውስጥ የቀረው እርጥበት ባንዴ እንፋሎት ሆነና ጭቃው ፈነዳ። ናሱ እንደ ዝናብ ተረጨ። አባቴ እግሩ ላይ የቀረውን ጠባሳ እስኪሞት ተሸክሞታል። አልመታኝም። ጉጠቱን አስቀምጦ «ጀርባውን ነክተሽው ነበር?» ብቻ አለኝ። አልነካሁትም ነበር።

አሁን ይህን በአንድ መስቀል ሳይሆን ከ6 ሜትር በላይ በሆነ በር አስበው። ፊላሬቴ ሁሉንም ባንዴ አላፈሰሰም፤ በየክፍሉ አቅልጦ ነው የገጣጠመው። በአንዱ ክፍል አንዲት ስህተት ብትገኝ የወራት ሰም ባዶ ይሆናል። ጠርዙን ሂድና እየው። ትልልቆቹን ቅዱሳን የከበበው ሐረግ ውስጥ ቅጠል ብቻ አይደለም ያለው። የኤዞፕ የእንስሳት ተረቶች አሉ። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ የጻፋቸው ታሪኮች አሉ። ሰዎች፣ እንስሳት፣ ወፎች ቅጠሉ መሃል ተሸሽገዋል። ያን ሁሉ በሰም ለመሥራት ስንት እጅ ያስፈልጋል?

መልሱን ራሱ ጽፎታል። ከፊት አይደለም፤ ከጀርባ ነው።

ከበሩ ጀርባ፣ ከታች፣ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አንድ ጠባብ ነሐስ አለ። እዚያ ላይ ሰባት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍራሉ። የሥራ መሣሪያቸውን ይዘዋል። መሪው ኮምፓስ (ክብ መሥሪያ) የያዘው ነው፤ ፊላሬቴ ራሱ። ከኋላው ረዳቶቹ ተሰልፈዋል። በአንዱ ጫፍ በአህያ የተቀመጠ፣ በሌላው ጫፍ በግመል የተቀመጠ ሰው አለ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ የረዳቶቹ ስም በየአጠገባቸው ተጽፏል። አኞሎ። ያኮፖ። ጃኔሎ። ፓስኵኖ። ጆቫኒ። ቫሮኔ።

በዚያ ዘመን የወናፍ ነፊን ስም የሚጽፍ ማን ነበር? የጌታው ስም ይጻፋል፤ የሚከፍለው ሰው ስም በትልቁ ይጻፋል። ጭቃ ያቦካው፣ ከሰል የተሸከመው፣ ጠርዙን በመሮ ሲያጠራ ዓይኑን ያጣው ስሙ አይነሣም። ፊላሬቴ ግን ስድስቱን በነሐስ ጻፋቸው። ላቲኑ «እኔ አንቶኒዮና ተማሪዎቼ» ይላል። ከዚያ የምትከተለው ዓረፍተ ነገር አስቸጋሪ ናት፤ ግርድፍ ሐሳቧ «ሌላው ዋጋና ክብሩን ይውሰድ፣ የእኔ ድርሻ ደስታ ነው» የሚል ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የአርቲስቶችን ሕይወት የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ ይህን ምስል ሲያብራራ፣ ምግብና መጠጥ በአህያ ጭነው ወደ ወይን እርሻ ለሽርሽር ሲሄዱ ነው ብሏል። ይሁን። ሥራ ያለቀ ቀን እንዲህ ነው የሚጨፈረው።

አባቴ ከሠራቸው መስቀሎች በአንዱም ላይ ስሙ የለም። የእሱ ረዳት የነበሩት ሁለት ጎረምሶችም ስም የለም። እኔም አላስታውሰውም። አንዱን «ጥቁሬ» ነበር የምንለው። ለዚህ ነው ያን ነሐስ ሳይ ሁልጊዜ ስሞቹን ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው።

«ይህን ያህል ጎበዝ ከነበረ ለምን እንደ ቀራጺው ዶናቴሎ አልታወቀም? ከበሩ ሌላስ ምን ቀረለት?» — ከአዳማ

አንደኛው ምክንያት ያው ቫሳሪ ነው። በሩን በጣም ነቀፈው። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪና ዶናቴሎ በሕይወት እያሉ ጳጳሱ ሥራውን ለዚህ ሰው መስጠታቸው ያሳዝናል ብሎ ጻፈ። የቫሳሪ ቃል ደግሞ ለዘመናት እንደ ዳኛ ፍርድ ተወሰደ።

እውነቱን ለመናገር በአንድ በኩል ልክ ነው። በዚያው ዓመታት ጊቤርቲ የሚባል ቀራጺ ፍሎሬንስ ላይ ሁለተኛውን የጥምቀት ቤት በር እየሠራ ነበር። የጊቤርቲን በር ስታዩ ነሐሱ ውስጥ መንገድ ያለ ይመስላል፤ ሰዎቹ ወደ ውስጥ እየራቁ ያንሳሉ። የፊላሬቴ ትልልቆቹ ቅዱሳን ግን ፊት ለፊት ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። እኔ ይህን ጉድለት አልለውም። የድሮዋን ሮም፣ የጥንት ክርስቲያኖችን ምስል ፈልጎ ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት ሲያዩን ያደግን ሰዎች ይህ አያስቸግረንም። ደግሞ የጴጥሮስ ስቅለት ያለበትን ክፍል ቀርባችሁ እዩ፤ ኔሮን በዙፋኑ ተቀምጦ ያዛል፣ የጥንቷ ሮም ሐውልቶች በዙሪያው ቆመዋል፣ ወታደሮች ይተራመሳሉ። ቆሞ የቀረ ሰው የሚሠራው አይደለም።

የቀረው ሥራ ብዙ አይደለም፤ አብዛኛውም በእጅ የሚያዝ ነው። ድሬስደን፣ ጀርመን ውስጥ፣ የጥንቱ የሮማ ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬልዮስ ትንሽ የፈረስ ሐውልት አለ። ሮም ላለው ትልቁ ሐውልት ቅጂ ነው፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በ1465 ለፍሎሬንሱ ባለሥልጣን ለፒዬሮ ዴ ሜዲቺ እንደ ሰጠው ላዩ ላይ ጽፏል። ከጥንት ወዲህ እንዲህ ዓይነት ትንሽ የነሐስ ሐውልት ከሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ዛሬ ሰው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፈረስ የሚያስቀምጠው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። በሰሜን ጣሊያን ባሳኖ ከተማ በ1449 የሠራው የብር መስቀል አለ፤ በሰልፍ የሚያዝ ነው። ማድሪድ ውስጥ የትሮይ ጦርነት ጀግና ሄክቶር በፈረስ ላይ የተቀመጠበት ነሐስ አለ፤ 1456 ይላል። ፓሪስና ቪየና ውስጥ ጥቂት ጠፍጣፋ ነሐሶች አሉ። መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ከነሥዕሎቹ ፍሎሬንስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከሁሉ የምወዳት ግን የራሱ ሜዳልያ ናት። በአንዱ ገጽ መልኩ አለ። በሌላው ገጽ መሮና መዶሻ ይዞ ግንድ ይፈለፍላል፤ ከግንዱ ውስጥ ንቦች ይወጣሉ። ከላይ ፀሐይ ታበራለች። ጽሑፉ ፀሐይ ንቦችን እንደምትረዳ መስፍንም እኛን ይረዳል የሚል ነው። ለጌታው የተላከ ልመና ነው በሉት። እኔ ግን ሌላም አይበታለሁ። ነሐስ ያለ ሰም አይሠራም፤ ሰም ያለ ንብ አይገኝም። አባቴም ሰም የሚገዛው ከማር ነጋዴ ነበር። ወደ ቤት ሲመጣ የማር ሽታ ይዞ ነበር የሚገባው።

«እናቴን ይዤ ለበዓል ሮም ልሄድ ነው። በሩን ለማሳየት እፈልጋለሁ። የት እንቁም?» — ከፍራንክፈርት

ጠዋት በጣም ማልደው ይሂዱ። ከረፈደ ሰልፉ እናትዎን ያደክማቸዋል። ደጀ ሰላሙ ውስጥ አምስት በሮች አሉ። ቀኝ ጥግ ላይ ያለው የኢዮቤልዩ ቅዱስ በር ነው፤ እሱ ሌላ ነው። የእርስዎ የመሃሉ ነው። ከላይና ከታች የተቀጠለ ቁራጭ ሲያዩ አይደናገሩ። በሩ የተሠራው ለአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነበር። አዲሱ ሲሠራ መግቢያው ስለበለጠው በጳጳስ ፓውሎስ 5ኛ ጊዜ ቁመቱ ተጨመረለት።

ቀኙ ሳንቃ ፊት ይቁሙ። ጴጥሮስን ያግኙ፤ ከሥሩ ያለውን ጠባብ መቀነት በጣትዎ ሳይነኩ ለእናትዎ ያመልክቱ። መነኮሳቱን ሲያዩ ጊዜ ይስጧቸው። እኔ የራሴን እናት ይዤ የመሄድ ዕድል አላገኘሁም።

ከዚያ በሌላው በር ወደ ውስጥ ይግቡ። ሰው ሁሉ ወደ መንበሩ ሲሄድ እርስዎ ወደ ኋላ ይዙሩ። የመሃሉ በር ከተዘጋ ጀርባው ይታያል። ወደ ታች ጎንበስ ይበሉ። ስልክዎ መብራት ካለው ያብሩት፤ ቦታው ጨለም ይላል። ኮምፓስ የያዘውን ካገኙ በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ስድስት ናቸው። አኞሎ፣ ያኮፖ፣ ጃኔሎ፣ ፓስኵኖ፣ ጆቫኒ፣ ቫሮኔ። እናትዎ ማንበብ ካስቸገራቸው እርስዎ ያንብቡላቸው።